የእሑድ በረዶ

ብርድ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። የእኔዋ የልጅ ልጅ ግን የምትወጣው ያን ጊዜ ነው። መስኮታችን በውስጥ በኩል ሲያልበው፣ የኮሪደሩ ቧንቧ እንዳይፈነዳ አሮጌ ሹራብ ስጠመጥምለት፣ እሷ ቦት ጫማዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ ታወጣና «እማማ፣ መጡ እኮ!» ትለኛለች። ፊቷን ያየ ዘመድ ከሩቅ የመጣላት ይመስለዋል። የመጡት ግን ወፎች ናቸው።

ቅልብልቢት እላታለሁ። ገና በዳዴ ሳለች ያወጣሁላት ነው፤ ከምንጣፍ ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ወደ መንገድ፣ ዓይን ነቅሎ ዞር የማይባልላት ልጅ ነበረች። አሁን ትልቅ ሴት ናት። መነጽር ቤት ተቀጥራ ሌንስ እየሞረደች ፍሬም ውስጥ ትገጥማለች። በሥራ ቀን የሰው ዓይን ስታቃና ትውላለች፤ እሑድ ሲሆን ደግሞ የራሷን ዓይን ወፍ ላይ ተክላ ትውላለች። እናቷ፣ የእኔ ልጅ ማለት ነው፣ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ናት። ወራት ቆይታ ነው የምትመለሰው። ስትደውል ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ከሚቆራረጠው ውስጥ ሁልጊዜ ሳይጎድል የሚደርሰኝ «አደራ» የሚለው ነው። ራሷ ውቅያኖስ መሃል ቁጭ ብላ፣ «እማዬ አደራ፣ ሐይቁ ዳር ብቻዋን እንዳትሄድ» ትለኛለች።

እኔስ ነጋሪ ያስፈልገኛል? ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። በር ቆልፌ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ማንቆርቆሪያ ከምድጃ ሳወርድ ሰው ሁሉ ከኩሽና ይውጣልኝ እላለሁ። አሳንሰር ውስጥ ከገባሁ ትንፋሼን ይዤ ነው የምወርደው። ቅልብልቢት ከሥራ ትንሽ ከዘገየች መስኮቱ ላይ ቆሜ ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው ኮት በኮት እለያለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ልጇን ወደ በረዶ ሸኝታ እንዴት ቁጭ ትበል? እናም በዚያ እሑድ «እኔም እሄዳለሁ» አልኳት።

«የት?»

«ወፍሽ ጋ።»

«እማማ፣ እዚያ እኮ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነው።»

«እኔ መቼ ስንቀሳቀስ አየሽኝ?»

«ማውራትም የለም።»

«ዝም እላለሁ።»

ሳቋ አመለጣት። «አንቺ? ኧረ ተይ! ደም ግፊትሽን ሲለኩሽ እንኳ አታቆሚም እኮ። ነርሷ ናት የነገረችኝ።»

ያ እሑድ ደግሞ እንደ ሌላው እሑድ አልነበረም። የውሃ ወፎች ቆጠራ ቀን ነው። እንዳስረዳችኝ፣ በዚያ ቀን በየሐይቁና በየወንዙ ወፍ ተመልካች ሁሉ ይወጣል፤ አንዱ ወፍ እዚህም እዚያም እንዳይቆጠር ሁሉም በአንድ ቀን ይቆጥራል። ዳክዬው አለ፣ ዝዩ አለ፤ እሷን የሚያንገበግቧት ግን የባሕር ወፎች የሚባሉት ናቸው። ነጭ ናቸው፣ ክንፋቸው አመድማ፣ ጫጫታቸው እንደ ገበያ ጠብ። የባሕር ይባሉ እንጂ ባሕሩ ትዝ የሚላቸው አይመስለኝም፤ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ ሲለቅሙ ውለው ማምሻው ላይ ሐይቁ ላይ ለአዳር ይሰፍራሉ።

ከእነሱ አንዱ እግሩ ላይ ቢጫ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል፤ ያን አንብቦ ለላከ ሰው ወፉ የት እንደተፈለፈለ፣ በየት በየት እንደዞረ ይነገረዋል አሉ። ባለፈው ብርድ ግማሹን አንብባ ሳትጨርስ ወፉ ተነሣባት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለዚያ እግር ነው።

«የሰው እግር እንዲህ ብትከተዪ ኖሮ እስካሁን ተድረሽ ነበር» ብያታለሁ።

«ቀለበት አጥልቆ የሚመጣ አግኚልኝና እከተላለሁ» አለችኝ።

ከቤታችን በር ላይ ከወፍ ቆጣሪዎቹ አንዷ፣ ሹፌሯ፣ መጥታ ወሰደችን። የከተማ አውቶቡስ ነው የምትነዳው፤ የዚያን ቀን ግን የራሷን አሮጌ ሚኒባስ ይዛ ነበር። የጎን በሩ በገመድ ታስሮ ነው የሚዘጋው፤ ክላክሱ ደግሞ ያለ ቁልፍም ይጮሃል። ስትዞር ክርኗ ነካው መሰለኝ፣ አንዴ አንባረቀብን።

«ይቅርታ ማዘር» አለችኝ፣ «መኪናዋ ከኔ የባሰች ወሬኛ ናት።»

ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሽማግሌ አልሳቁም። የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የወፍ ቆጣሪዎቹ አለቃ እሳቸው ናቸው። እሳቸው በሌሉበት ልጆቹ ጋሽ እሽሽ ይሏቸዋል። ምክንያቱን ሳልጠይቅ ገባኝ። ሐይቁ ገና ሳይታይ ወደ ኋላ ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና «እሽሽ» አሉ። «ስልክ ይጠፋ። ሐይቁ ዳር ደርሰን ማንም መሪውን እንዳይነካ። ወፎቹ አንድ ጊዜ በድንጋጤ ከተነሡ ተመልሰው አይቆጠሩም፤ የዓመቱ ሥራ አበቃለት ማለት ነው። ተግባባን፣ እትዬ?»

«ተግባባን» አልኳቸው። እንደ ተማሪ እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝም።

ወፍ ማያዋ ከዳሩ ከፍ ብላ በእንጨት እግሮች የቆመች ጠባብ ቤት ናት። ከፊት ለፊቷ በዓይን ልክ የተቀደደች ረጅም ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል ነው ሁሉም የሚያየው። ውስጧ እርጥብ እንጨትና የሰው ጓንት ይሸታል። አግዳሚ አለ፣ እሱ ላይ አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴን በብርድ ልብስ ሸፈኑልኝ። ፔርሙዛችንን እግሬ ሥር አደረግሁ። ከዚያ በቀዳዳዋ አየሁ፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር።

ሐይቁ ነጭ ነው። ከዳር እስከ ዳር ረግቶ፣ አመዳይ ለብሶ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር እንኳ አይለይም። በማዶ በኩል ሕፃናት እየተንሸራተቱ ይጮሃሉ። መሃል ላይ ሰዎች በረዶ በስተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። ከእኛ በስተግራ ባለው ጥግ ብቻ ጥቁር ኩሬ የምታህል ያልረጋች ውሃ አለች፤ የዓለም ወፍ እሷ ላይ ተጨናንቋል።

በሥራ ቀን ወደ ክሊኒክ የሚወስደኝ አውቶቡስ ይህንኑ ሐይቅ በሌላ ወገን፣ በወረቀት ፋብሪካው ጀርባ በኩል ነው የሚታከከው። ከዚያ ስመለከተው ሁልጊዜ እንፋሎት ለብሶ ነው የማውቀው፤ የአውቶቡሱ መስኮት ሳይቀር ይጨፈንብናል። ዛሬ እንዲህ ጥርት ብሎ ሳየው ሌላ ሐይቅ መሰለኝ። እንፋሎቱ የት ሄደ ብዬ ልጠይቅ ነበር። ግን ዝም እላለሁ ብያለሁ፤ ጋሽ እሽሽም ጣታቸው ከከንፈራቸው ብዙም አይርቅም። ተውኩት።

ሥራ ፈት ከምሆን ብለው መቁጠሪያ ሰጡኝ። መዳፍ ውስጥ የምትገባ የብረት ነገር ናት፤ በአውራ ጣት ሲጫኗት ቀጭ ትልና አንድ ትጨምራለች። ጋሽ እሽሽ በቴሌስኮፓቸው እያዩ በሹክሹክታ ሲጠሩ እኔ መጫን ብቻ ነው። ለእኔ የደረሱኝ ጥቁሮቹ፣ ግንባራቸው ላይ ነጭ ነገር ያለባቸው ወፍራሞች ናቸው።

«አንድ… አንድ… አሁን ሁለት…»

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ።

ጥሩ ጀምሬ ነበር። ችግሩ፣ አንድ ነገር በደነገጥኩ ቁጥር ጣቴ ራሱ ይጫናል። ከማዶ አንዱ ሕፃን ወደቀ፤ ቀጭ። በረዶው ከሥሩ እንደ ትልቅ በር ጓ ብሎ አቃሰተ፤ ቀጭ ቀጭ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«በረዶው እየጠነከረ ነው እማማ፤ ሲጠነክር ነው እንዲህ የሚጮኸው» አለችኝ ቅልብልቢት። ጉንጬን በጓንቷ ዳሰሰችኝ። ደስታዋን ብታዩት! አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ቅንድቧ ላይ ትንፋሿ ረግቷል፣ ዓይኗን ከሌንሱ አትነቅልም።

ከቆሻሻ መጣያው ነጮቹ በቡድን በቡድን መምጣት ጀመሩ። ኩሬዋ ስለሞላች ከውሃው ጠርዝ በረዶው ላይ እየተደረደሩ ቆሙ። ድንገት ቅልብልቢት ክንዴን ያዘችኝ።

«እሱ ነው። ጋሼ፣ ቢጫው! እዩት፣ ከፊት ከቆሙት ሦስተኛው!»

ሽማግሌው አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነው። ግን ከዚህ አይነበብም።»

«ትንሽ ብጠጋ?»

ውይ፣ ያቺን «ትንሽ» እንዴት እንደምጠላት። የልጅ ክፉ ነገር ሁሉ በትንሽ ነው የሚጀምረው።

«አትሄጂም» አልኳት።

«እማማ፣ ሰው እኮ መሃሉ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል።»

ጋሽ እሽሽ ጨካኝ ሰው አይደሉም። ወርደው ዳሩን በብረት ዘንጋቸው ደጋግመው ወጉት፤ ድንጋይ ነው የሚመስለው። «ስንት ብርድ ቆጥረንበታል፣ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ጠንካራ ነው» አሉኝ፤ እኔን ለማረጋጋት መሆኑ ያስታውቃል። ለእሷ ደግሞ፣ «ቀስ ብለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ። ነጮቹ ገና አልተቆጠሩም። ካስነሣሻቸው ዓመቱን ሙሉ አላናግርሽም!» አሏት።

«አላስነሣም!» ብላ ሄደች። መቼ ነው በሩ የተዘጋው? እኔ «ሻርፕሽን አጥብቂ» እያልኩ ነበር፤ እሷ ግን በሸምበቆው መሃል አልፋ በረዶው ላይ ወጥታለች።

ሰው ከኋላው ሲታይ ምን ያህል ትንሽ ነው። ሰማያዊ ኮቷ እየራቀ፣ እያነሰ፣ መጨረሻ ላይ ከልብስ የወደቀ ቁልፍ አከለ። ጣቴ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሹፌሯ አይታ ሳቀች፤ «ማዘር፣ ወፎቹን እርስዎ እየወለዷቸው ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ የቅልብልቢትን ቴሌስኮፕ ወደ እኔ አዙራ በቁመቴ ልክ ዝቅ አደረገችልኝ። «በዚህ ይዩአት። ልክ አጠገብዎ ያለች ነው የምትመስለው።»

ዓይኔን አስጠጋሁ። እውነትም አጠገቤ ነበረች! የኮቷ ስፌት፣ ከቆቧ ሥር ያመለጠ ፀጉሯ፣ ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽ። እጄን ብዘረጋ ትከሻዋን የምይዝ መሰለኝ። «ቅልብልቢት» አልኳት ሳላስበው፣ ኩሽና ውስጥ ያለች ይመስል። አልሰማችም። ይህ መሣሪያ ክፉ ነው፤ ሰውን አምጥቶ ዓይንህ ሥር ያደርግልሃል፣ ድምፅህን ግን አይወስድልህም።

እየተከተልኳት ሳለ ከፊቷ ወፎቹ ገቡ፣ ከወፎቹ ጀርባ ደግሞ ግንብ፤ በግንቡ ላይ ክብ የብረት አፍ። ቧንቧ። አፉ ላይ የዛገ መስመር ወደ ታች ወርዷል፣ ጫፉ ላይ የረጋ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ይህን ቧንቧ አውቀዋለሁ። ከጀርባው ነው የማውቀው። ወደ ክሊኒክ ስሄድ፣ ይኸው ቧንቧ ሐይቁ ውስጥ ትኩስ ውሃ ሲደፋ፣ እንፋሎቱ እስከ መንገዱ ሲወጣ ነው የማየው። ፋብሪካው እሑድ አይሠራም። እንፋሎቱ የሄደው ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ፣ ጡረታ ከወጡት ሽማግሌ በቀር፣ ሁሉም ሠራተኛ ናቸው፣ ሹፌሯም የምትነዳው በሌላ መስመር ነው፤ ወፍ ለማየት አብረው የሚመጡት እሑድ ብቻ፤ ሐይቁን ሲጨስ አይተውት አያውቁም።

ታዲያ እስከ ትናንት ሲፈላ የዋለ ውሃ ዛሬ ላዩ ነጭ ቢሆን፣ ያ ምን በረዶ ነው? ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ነው። ወፍ ይሸከማል። ሰው ግን…

«ጥሯት!» አልኩ። «ይመልሷት! በረዶው የዛሬ ነው! ፋብሪካው ትኩስ ውሃ የሚደፋበት ነው!»

«እሽሽ» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሌንሱ ሳያነሡ።

«ምን እሽሽ! በአውቶቡስ ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ይጨሳል! በሥራ ቀን ይጨሳል!»

አሁን ዞሩ። ቃሌን ሲያላምጡት፣ ከአፋቸው ወደ ሆዳቸው ሲወርድ ፊታቸው ላይ አየሁት። «ስልኳ…» አሉ። ስልኳ ጠፍቷል፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስጠፉት። ሹፌሯ በቀዳዳዋ አፏን አውጥታ ጮኸች። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው፤ ድምፅዋን መልሶ ፊታችን ላይ ወረወረው። የወፎቹ ጫጫታ ደግሞ በዚያ ላይ።

ቴሌስኮፑ ውስጥ ተመለከትኩ። ጎንበስ ብላ፣ እግሯን እንደ ሌባ እያነሣች ትጠጋለች። ወፉ ቆሟል። ወፉ እዚያ እስከቆመ ድረስ ይህች ልጅ አትመለስም። እኔ አሳድጌያታለሁ፣ አውቃታለሁ፤ የፈለገችው ነገር ዓይኗ ፊት እያለ የእናቷ ድምፅ እንኳ አይመልሳትም። የሚመልሳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፈለገችው ሲጠፋ።

እንዴት እንደወረድኩ አትጠይቁኝ። የዚያች ቤት መሰላል ስወጣ ሁለት ሰው ደግፎኝ ነበር። ብርድ ልብሱ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ፣ አንድ ጓንቴ ወድቆ፣ ሚኒባሱ ጋ ደረስኩ። የሹፌሯን በር ከፍቼ በሁለት እጄ፣ በደረቴ፣ ባለኝ ኪሎ ሁሉ መሪው ላይ ወደቅሁ።

ክላክሱ ጮኸ። እኔም አብሬው ጮህኩ።

ሐይቁ ተነሣ። ሌላ ቃል የለኝም። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ዳክዬው፣ ዝዩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ ሰማዩ ላይ የተገነጠለ ጨርቅ መሰሉ። ክንፋቸው ሲመታ ነጎድጓድ ነበር። መሪውን አለቀቅኩም። ሹፌሯ መጥታ ትከሻዬን ይዛ ነው ያላቀቀችኝ። «ቆማለች ማዘር! ዞራለች!» አለችኝ። ከወንበሩ ሥር መጎተቻ ገመዱን መዝዛ ወደ ዳሩ ሮጠች።

መሰላሉን በእጄም በእግሬም ወጣሁ። ጋሽ እሽሽ አግዳሚውን ከግድግዳው እየነቀሉ ነበር። «እትዬ፣ ቴሌስኮፑ ላይ ይቆዩ» አሉኝ። «ከታች ሸምበቆው ይጋርደናል፤ የት እንዳለች ከዚህ ብቻ ነው የሚታየው። እርስዎ ይንገሩን።» ከዚያ ቀዳዳዋ ላይ ተደፍተው አዩ፤ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ፣ እኚያ ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ዝም ሲያሰኙ የኖሩ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን የቀደደ ጩኸት ጮኹ።

«ተኚ! በደረትሽ ተኚ! እግርሽን አትትከዪ!»

አግዳሚውን ተሸክመው ወረዱ።

ዓይኔን መጨፈን ፈለግሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማደርገው እሱን ነው፤ መርፌ ሲወጉኝ፣ መኪና ሲታጠፍ፣ ልጅ ከፍ ካለ ነገር ሲዘል እጨፍናለሁ። አሁን ግን ዓይን ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። አየሁ። አንድ እግሯ የለም። እስከ ጭኗ ገብቷል፤ ዙሪያዋ ነጩ ወደ ግራጫ፣ ግራጫው ወደ ጥቁር ይቀየራል። ፊቷ ወደ እኔ ነው። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ ሕፃን ሆና ታማ እንኳ። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ድምፅ የለም። «እማማ» የምትል መሰለኝ። ምናልባት ሌላ ነው።

ከዚያ ተኛች። በደረቷ ተዘረጋች፣ እጆቿን ወደ ፊት ወረወረች፣ እግሯን ከውሃው እየነቀለች እንደ እንሽላሊት ተሳበች። ከኋላዋ በረዶው ጎደለ። ቁራጩ ቀስ ብሎ ገልበጥ ሲል ከሥሩ እርጥብና ስስ ነበር፣ እንደ መስኮት መስታወት።

«ወደ ቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። ከታች ሁለቱ ዳሩ ላይ ናቸው። «እናንተ ወደ ግራ ሄዳችኋል፣ እሷ ወደ ቀኛችሁ ናት! አይ አይ፣ ትልቁ ሸምበቆ ጋ! አዎ! አትግቡ፣ ከዚያ አትለፉ!»

ሹፌሯ ገመዱን ወረወረች፤ አልደረሰም። አግዳሚውን በረዶው ላይ ገፍተው እሱ ላይ በሆዷ ተኛች፣ ሽማግሌው እግሯን ያዙ። እንደገና ወረወረች። ልጄ ከገመዱ ጫፍ ለመድረስ አንድ ክንድ ቀርቷታል። አልተንቀሳቀሰችም።

ለምን አትይዝም? ለምን ተኛች? ዓይኗ ተከፍቷል። እጇ ገመዱ አጠገብ ነው፣ ጣቶቿ ግን አይታዘዟትም።

«ያዢው!» አልኳት። ጩኸት አልነበረም፤ ጉልበት አልቆብኝ ነበር። ኩሽና ውስጥ ሰሃን ተቀበዪኝ እንደምላት ነው ያልኳት። «ያዢው የኔ እናት፣ ያዢው፣ ያዢው።»

አልሰማችኝም። እንዳልሰማችኝ አውቃለሁ። ግን ተሳበች፤ ገመዱን ክንዷ ላይ ጠመጠመች፤ ጎተቷት።

ሚኒባሱ ውስጥ ማሞቂያው እንደ አስም በሽተኛ ያጉረመርማል። እርጥቡን ሱሪዋን አውልቀን በእኔ ቀሚስና በብርድ ልብሱ ጠቀለልናት፤ እኔ በውስጥ ልብሴና በኮቴ ቀረሁ፣ ማንም ደግሞ ጉዳዬ አላለውም። እግሯን ኮቴ ውስጥ፣ ሆዴ ላይ አደረግሁት። ብርዱ እስከ ጀርባዬ ወጣ። ሻይ ሰጠኋት፤ ግማሹን በጥርሷ መንቀጥቀጥ ደፋችው። ሹፌሯ መሪውን ይዛ ታለቅሳለች፤ ጋሽ እሽሽ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክሩታል።

«አንድ ፊደል ነበር የቀረኝ» አለች ቅልብልቢት በመጨረሻ። ድምፅዋ ገና አይጠራም። «ሌላውን አንብቤው ነበር። አንድ ፊደል ብቻ።»

ላንቃት ፈለግሁ። ልስማትም ፈለግሁ። «ፊደሉ ይቅርብሽ» አልኳት።

«ሁሉንም አስነሣሻቸው እኮ እማማ።»

«አዎ። ነገም አስነሣቸዋለሁ።»

ፊቷን አንገቴ ውስጥ ቀበረች። ያን ጊዜ ነው መንቀጥቀጧ ወደ ለቅሶ የዞረው። «ከሥሬ ሲሄድ ተሰማኝ» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ። «ምንም ድምፅ አልነበረውም። እኔ ይጮሃል ብዬ ነበር።»

ጋሽ እሽሽ እጃቸውን ዘረጉ። ድምፃቸው ጠፍቶ ስለነበር በምልክት ነው የጠየቁኝ። መቁጠሪያዋን። ጓንቴን ጥዬ፣ ቀሚሴን አውልቄ፣ እሷን ግን አልጣልኳትም፤ መዳፌ ውስጥ ነበረች። ሰጠኋቸው። ቁጥሩን አዩት፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት።

«እትዬ» አሉ በተሰነጠቀ ሹክሹክታ፣ «ይህን ያህል ወፍ ይህ ሐይቅ ላይ መቆሚያም አያገኝ።»

«ከዚያ ውስጥ የትኛው ወፍ እንደሆነና የትኛው እኔ እንደሆንኩ አላውቅም» አልኳቸው። «እንዳሻዎ ያድርጉት።»

ወደ ዜሮ የሚመልሳትን ቁልፍ ሊያዞሩ ጣታቸውን አደረጉና ተዉት። እንዳለች ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። ከዚያ ለሹፌሯ «እንሂድ፤ ቆጠራው አልቋል» አሏት።

መንገድ ላይ ቅልብልቢት ስልኳን አበራችው፤ ወዲያው ጠራ። እናቷ ናት፣ ከመርከቡ። ቅልብልቢት ስልኩን አላነሣችም፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ተቀበልኳት።

«እማዬ፣ ደህና ናችሁ?» ድምፅዋ ይቆራረጣል። «…ሐይቁ… አደራ…»

«ደህና ናት» አልኳት። «እዚሁ ጭኔ ላይ ናት። ስትመጪ ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ አሁን መስመሩ ልክ አይደለም።» ውሸት አልነበረም፤ መስመሩ እውነትም ልክ አልነበረም።

ከተማው መብራቱን እያበራ ነበር። በፋብሪካው በኩል አለፍን። ቧንቧው በዚህ ጨለማ አይታይም፤ ሐይቁ ብቻ በግንቡ ስንጥቅ ነጭ ሆኖ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ነገ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ይጨሳል። ሰውም በአውቶቡስ እያለፈ መስኮቱን በእጅጌው ይጠርጋል።

«እማማ» አለችኝ ድንገት፣ «ጣትሽ ምን ሆነ?»

ተመለከትኩ። መቁጠሪያዋ የለችም፤ አውራ ጣቴ ግን የእሷ እጅ ላይ፣ መዳፏ መሃል፣ ይጫናል፣ ይነሣል፣ ይጫናል።

«እየቆጠርኩ ነው።»

«ምን?»

«አንቺን።»

«እኔ እኮ አንድ ነኝ።»

«አንድ ነሽ» አልኳት። ጣቴ አልቆመም።